ኦ ምን?

ጎንደር ዙሪያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። "ደሜ ኦ ነው" የሚለኝ ብዙ ነው። ኦ ምን? ስል ዝም። ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ልብ የሚለው የለም። ለነፍሰ ጡር ግን ዋናው እሱ ነው።

ምርመራው ቀላልና ፈጣን ነው። ጣት በላንሴት ይወጋል፣ ስላይድ ላይ ሦስት ቦታ ደም ይንጠባጠባል። በየአንዳንዱ ላይ የመመርመሪያ ፈሳሽ ይጨመራል፦ በአንዱ ላይ ሰማያዊው አንቲ-ኤ፣ በሌላው ቢጫው አንቲ-ቢ፣ በሦስተኛው ቀለም የሌለው አንቲ-ዲ። ቀላቅሎ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ማየት። አንቲ-ዲው ላይ ደሙ ከተጓጎለ ፖዘቲቭ፣ ካልተጓጎለ ኔጌቲቭ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተነበበ ጠርዙ ይደርቅና የተጓጎለ ይመስላል። ለዚህ ነው ስላይድ ይዤ "ውጤት ደረሰ?" ለሚለኝ መልስ የማልሰጠው።

የፈሳሾቹ ጠርሙሶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚከፍት ሰው ጠላቴ ነው። (የመጠጥ ውሃ ሊያቀዘቅዙበት የሚመጡም አሉ!) የመመርመሪያው ፈሳሽ ደርቆበት የሚመጣ ካርድም አለ። ጠብታ ውሃ፣ ጠብታ ደም፣ ወዲህ ወዲያ ማዘንበል፣ አለቀ። ፍሪጅ አይፈልግም፤ ሲደርቅም መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። ዋጋው ወደድ ይላል እንጂ ለገጠር እሱን እመርጣለሁ።

"ሾተላይ አለብኝ" የሚሉኝ እናቶች አሉ። የመጀመሪያው ልጅ ደህና ተወለደ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን አልበረከቱም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግን ይሄ ነው። እናት ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባል። ሰውነቷ ያንን ደም እንደ ባዕድ አይቶ የሚያጠቃው አንቲቦዲ ይሠራበታል። ቀጣዩን ፅንስ የሚያጠቃው እሱ ነው። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ የአንቲ-ዲ መርፌ ብትወስድ ይከላከልላታል። አንቲቦዲው አንዴ ከተሠራ ግን መርፌው አይመልሰውም። ተሠርቷል አልተሠራም የሚለውን የእኛ ስላይድ አያሳይም፤ ለኩምብስ ምርመራ ሆስፒታል እንልካለን።

እና ፈጣን ምርመራ ሲባል የእኔ ደስታ በደቂቃ መድረሱ አይደለም። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል እዚሁ ከታወቀ መርፌውን ለመፈለግ፣ ብሩንም ለማዘጋጀት ወራት አሉ። እሁድ ሌሊት ከወለዱ በኋላ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ሌላ ነው።

ደም ለመውሰድ ግን የእኔ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ክሮስማች፣ ማለትም የሰጪውንና የተቀባዩን ደም አገናኝቶ መስማማቱን ማየት፣ የግድ ነው። "ካርዴ ላይ ተጽፏል" ተብሎ አይታለፍም።

ሴትየዋ ኔጌቲቭ ስትሆን "ባልሽን ይዘሽው ነይ" እላለሁ። አንዱ መጥቶ "እኔ እኮ አላረገዝኩም" ብሎኝ ያውቃል። ጣቱን የሰጠኝ ሚስቱ ገልመጥ ስታደርገው ነው። እሱም ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኘ። ልጃቸውም ኔጌቲቭ ነው የሚሆነው፣ መርፌ አያስፈልጋችሁም አልኳቸው።