እማዬን ይዞ ወዴት?

ረቡዕ ማታ፣ ቦሎኛ፣ ጣሊያን

እንግዳ ሲመጣ እዚህ ያለን ሀበሾች አንድ ክርክር አናጣም። የት እንውሰዳት? በምንስ እንሂድ?

ቦሎኛ ደግሞ ለዚህ ክርክር ምቹ ከተማ ናት። የባቡር መስመሩ ሁሉ የሚገናኘው እዚህ ነው። ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ፌራራ ግማሽ ሰዓት፣ ሞዴናም እንደዚያው። ቬኒስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ምርጫው ሲበዛ ሁሉም ሰው አስጎብኚ ይሆናል።

እማዬ ከመጣች ወዲህ በጣም የተጋው አንድ ጓደኛዬ ነው። መኪናውን አሳጥቦ፣ ዕቅዱን አዘጋጅቶ መጣ። ጠዋት ራቬና፣ ምሳ ሪሚኒ ከባሕሩ ዳርቻ፣ ከሰዓት ሳን ማሪኖ፣ ማታ ቤት። «በአንድ ቀን ሁለት አገር ታያለች!» አለኝ። ሳን ማሪኖ የራሷ መንግሥት ያላት አገር ስለሆነች ውሸት አይደለም። ግን እማዬ ቀኑን ሙሉ የምታየው የመኪና መስኮት ነው የሚሆነው።

እኔ የማስበው ስለ ጉልበቷ ነበር። ስለ ጾሟም። የዕረፍት ቀኔ ረቡዕ ነው፤ በሥራዬ የምንከባከባቸው ሴትዮ ልጅ ረቡዕ ረቡዕ ቤት ስለምትውል። ረቡዕ ማለት ለእማዬ እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማይቀመስበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የለም። ይሄንን ይዘህ ቦሎኛ ባለችበት በኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ውስጥ ምግብ ፈልግ እስቲ! የዚህ አገር ሰው አሳማና አይብ የሌለበትን ማዕድ ምሳ ብሎ አይጠራውም።

ቬኒስን ወዲያው ሰረዝኳት። ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው፤ ለጉልበት በሽተኛ ደርሶ መልስ ቅጣት ነው። ፍሎረንስ ባቡሯ ፈጣን ነው፣ ሰልፏ ግን አይደለም። የፈጣኑ ባቡር ዋጋ ደግሞ የጉዞው ቀን በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። ሬጆናሌው፣ ማለትም በየከተማው እየቆመ የሚሄደው ባቡር፣ ከወር በፊትም ቆረጥሽው በዚያው ጠዋት ዋጋው አንድ ነው። እማዬ ጠዋት «ዛሬስ ጉልበቴ እንጃ» ካለች ጉዞው ይቀራል፣ ብር አይቃጠልም። ለእኔ ይሄ ከፍጥነት ይበልጣል።

ፌራራ ጥሩ ነበረች። ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የሞላባት፣ መሃሏ ላይ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ግንብ ያለባት። ግን ግንብ ለእማዬ ምኗ ነው? ጎንደርን ያየ ሰው በግንብ አይደነቅም።

ስለዚህ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት ራቬና ሆነች። በባቡር።

መኪና አልወድም ማለቴ አይደለም። ግን የጣሊያን አሮጌ ከተሞች መሃላቸው «ዜታ ቲ ኤሌ» የሚሉት ክልል አላቸው። ፈቃድ የሌለው መኪና ሲገባ ካሜራ ያነሣዋል። ፖሊስ አያስቆምህም፣ ማንም አይናገርህም። ከወራት በኋላ የቅጣት ፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል። ጓደኛዬ እነዚህን ፖስታዎች በደንብ ያውቃቸዋል። ማቆሚያውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ነጭ መስመር በነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ ለተፈቀደለት ብቻ። ራቬና ላይ ደግሞ ባቡር ጣቢያው ከከተማው መሃል በእግር የሚደረስ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ በመኪና ሄዶ ዳር ላይ አቁሞ መልሶ በእግር መግባት ምን ይባላል?

ትናንት ማታ አንድ ነገር ብቻ አጣራሁ፦ ሾፔሮ፣ የሥራ ማቆም አድማ። እዚህ አድማ አስቀድሞ ይነገራል። በሥራ ቀን አድማ ቢኖርም በጠዋት ከ12 እስከ 3፣ በማታም ከ12 እስከ 3 ባለው ጊዜ የተወሰኑ ባቡሮች የመሄድ ግዴታ አለባቸው። በእኛ ሰዓት ስቆጥረው ለማስታወስ እንዴት እንደሚመች! ደግነቱ አድማ አልነበረም።

ጠዋት ጣቢያው ስንደርስ እማዬ መጀመሪያ ያየችው የቆመውን ሰዓት ነው። «ይሄ ሰዓት ተበላሽቷል እንዴ?» አለች። 4:25 ላይ ነው የቆመው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1980 ጣቢያው ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው የሞተበት ሰዓት ነው አልኳት። አማተበች። ከዚያ እስክንሳፈር ብዙም አላወራችም።

ለቦሎኛ ጣቢያ አዲስ ለሆነ ሰው አንድ ምክር አለኝ። የመስመሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውን ቃልም እዩ። መስመር 1 እና «1 ኦቬስት» (ምዕራብ ማለት ነው) የተለያዩ ናቸው፣ ተራራቂም ናቸው። ከ16 እስከ 19 ያሉት የፈጣኑ ባቡር መስመሮች ደግሞ ከመሬት በታች ናቸው። የወረቀት ትኬት የያዘ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በማሽኑ ማስመታት አለበት።

መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ባቡሩ ኢሞላን አልፎ ካስቴል ቦሎኜዜ ላይ ወደ ራቬና ይታጠፋል። ሜዳ ነው፣ የፍራፍሬ ዛፍ በረድፍ በረድፍ። እማዬ ጎጃም ገጠር ያደገች ናት፤ በመስኮቱ ስታይ ቆይታ «ከብቱ የታለ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሳን ቪታሌ በር ላይ ትኬት ስቆርጥ ተገረመች። «የእግዜር ቤት በትኬት?» ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደጃፉን ተሳልማ ገባች። ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ነው የያዝኳት።

ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከው እ.ኤ.አ. በ547 ነው። ስምንት ማዕዘን ነው፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው አይከብድም። ግድግዳው በጥቃቅን ባለ ቀለም ብርጭቆና ድንጋይ የተሠራ ሥዕል ነው። እኔ በስልኬ ማብራሪያ እየፈለግሁ ሳለ እማዬ ቀና ብላ አየችና «ሥላሴ በአብርሃም ቤት!» አለች። እውነትም ሦስቱ እንግዶች ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ማዕዱ ላይ ሦስት እንጎቻ ዳቦ፣ አብርሃም ሥጋውን ይዞ፣ ሣራ ደጃፉ ላይ ቆማ። ቀጥላ ይስሐቅን አሳየችኝ። ከዚያ አቤልን ከነበጉ፣ መልከ ጼዴቅን ከነኅብስቱ። አስጎብኚዋ እሷ ሆነች።

ከመሠዊያው ግራና ቀኝ የቢዛንታይን፣ ማለትም የምሥራቅ ሮም፣ ንጉሥ ዩስቲንያኖስና ንግሥት ቴዎድራ አሉ። ንጉሡ ጻሕል ይዟል፣ ንግሥቲቱ ጽዋ። ሁለቱም ራቬናን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እማዬ «እነዚህስ እነማን ናቸው?» ስትለኝ ይሄ ንጉሥ ለእኛ ለአፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከ ነው አልኳት። ሃይማኖታችን አንድ ነውና ፋርስን አብረን እንውጋ፣ ሐሩንም ከህንድ እናንተ ገዝታችሁ ሸጡልን ብሎ። የሐሩ ነገር አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ወደቡ ላይ ቀድመው እየገዙ አስቸገሩ።

«ካሌብ ያ ዘውዱን ኢየሩሳሌም ልኮ የመነነው?» አለች። አዎ፣ እሱ። የዩስቲንያኖስን ፊት ትኩር ብላ አየችው። ዩስቲንያኖስ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለው የኬልቄዶን ጉባኤ ወገን መሆኑን፣ ቴዎድራ ግን ወደ እኛዎቹ ታደላ እንደነበር ስነግራት «እሷስ ታስታውቃለች» ብላ አለፈች።

ሳንት አፖሊናሬ ኑዎቮ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለእሷ የተለየ ነበር። ያሠራው ያኔ ጣሊያንን ይገዙ የነበሩት የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ነው፤ እምነቱ የአርዮስ ነበር። አርዮስ የሚለውን ስም ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች። ሠለስቱ ምዕት ያወገዙት አርዮስ! ከተማው በቢዛንታይኖች እጅ ሲገባ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሥዕል ከግድግዳው ተነቅሎ በቦታው መጋረጃ ተሠራ። የሠራተኛው ሥራ ግን አላለቀም፤ ዓምዶቹ ላይ የሰዎቹ እጅና ጣት ቀርቷል። ባለቤት የሌለው እጅ! እማዬ አንድ በአንድ ስትፈልጋቸው ከእኔ በላይ አገኘች።

የጣሊያኑን ባለቅኔ የዳንቴን መቃብር ቶሎ ብለን አየን። ፍሎረንስ አሳድዳው እ.ኤ.አ. በ1321 እዚህ ሞተ። አሁን ለመቃብሩ መብራት ዘይት የምትልከው ፍሎረንስ ናት፤ አፅሙን ግን ራቬና አልመልስም ብላለች። እማዬ «ደግ አደረገች» አለች።

9 ሰዓት ሲሆን የፈራሁት ደረሰ። የጣሊያን ምግብ ቤት ከምሳ በኋላ ይዘጋል፣ እስከ ማታ። ፒያዲና የሚባለውን ስስ ቂጣ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች ግን ክፍት ነበሩ። ችግሩ የፒያዲና ሊጥ በደንቡ የአሳማ ስብ አለበት። ብጠይቅ በወይራ ዘይት የተሠራ አለ አሉኝ። የተጠበሰ ደበርጃንና ቃሪያ አስደረግንበት። እማዬ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ለሻጯ ልጅ ዘግና ሰጠቻት። ልጅቷ አንዱን ቀምሳ ጨመረች።

በባቡር ስንመለስ ባሕሩን ሳናይ ቀረን ብዬ ነበር። እሷ ግን «ጣና አለ አይደል» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

እሁድ የመኪናው ተራ ነው። ዶዛ እንሄዳለን፤ ቤቶቿ ግድግዳቸው በሥዕል የተሞላ፣ ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ባቡር አይደርስባትም፣ በመኪና ግን ቅርብ ናት። ከቅዳሴ በኋላ እንነሣለን። ጓደኛዬ አሁንም ሪሚኒን እንጨምር እያለ ይደውላል። ቤንዚኑን እሱ ይሙላ፣ ዕቅዱን እኔ አወጣለሁ ብዬዋለሁ። ማቆሚያ ስንፈልግም የመስመሩን ቀለም የማየው እኔ ነኝ።