ስድስቱን ዓመት አምስት ማድረግ

የፐብሊክ ፖሊሲ (የመንግሥት ፖሊሲ አወጣጥና አፈጻጸም) ትምህርት አንዴ ተገብቶ በአንድ ትንፋሽ ቢጨረስ ይሻላል ወይስ መሃል ላይ ወጥቶ ሥራ ዓይቶ መመለስ? ጥያቄውን ያመጣችብኝ ሜሪላንድ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ናት። ሦስተኛ ዓመቷን እያገባደደች ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ባችለርና ማስተርስን አጣምሮ የሚሰጥ ፕሮግራም አለው፤ የማመልከቻው ጊዜ ሊያልፍ ነው። እናቷማ ቆርጣለች። «በአንድ ድካም ሁለት ዲግሪ! ይሄ ምኑ ያማክራል?» ነው ያለችኝ አክስቴ። ልጅቷ ግን እኔን ማማከር ፈለገች። «አንቺ ወረዳ ስለምትሠሪ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። ቶሎ መመለስ ስላልቻልኩ ሰሞኑን ማታ ማታ ይሄን ሳወጣ ሳወርድ አመሻለሁ።

አሠራሩ ይገባል። አሜሪካ ባችለር አራት ዓመት ነው፣ የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት። በተጣመረው ፕሮግራም ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ላይ ያመለክታል። አራተኛ ዓመት ላይ የማስተርስ ኮርሶችን መውሰድ ይጀምራል። ከነዚያ ውስጥ የተወሰኑት ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠሩለታል። ስድስቱ ዓመት አምስት ይሆናል ማለት ነው። የአንድ ዓመት ክፍያና የአንድ ዓመት ኑሮ ይተርፋል። እዚያ አገር ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ግን ገንዘቡ ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጎማ በመሠረቱ ባችለር ላልያዘ ተማሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዲግሪ በአራተኛው ዓመት ማብቂያ ይሰጣል ወይስ ሁለቱ አንድ ላይ በአምስተኛው የሚለው የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አምስተኛውን ዓመት በምን እንደምትከፍለው የሚወስነው እሱ ነው። አሁኑኑ ሬጅስትራር ሄዳ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ማስተርስ ክፍል ውስጥ አብረዋት ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ሥራ ላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። አንዱ ከከተማ አስተዳደር፣ አንዷ ከሆስፒታል፣ ሌላው ከእርዳታ ድርጅት። መምህሩ ስለ በጀት ሲያወራ እነሱ የሚያስታውሱት ሰው አላቸው። እሷ ያላት ያለፈው ሴሚስተር ኖት ነው። ማይክሮ ኢኮኖሚክሱንና ስታቲስቲክሱን ከማንም በላይ ልትሠራው ትችላለች፤ ጎበዝ ናት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን በዓይኗ አላየችም።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። የምሠራው በጅማ ዞን ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ነው፤ ሥራዬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ላይ ነው። ይህ መድኅን ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ነበር የተሞከረው። አንዱ እዚሁ ዞናችን ያለው ሊሙ ኮሳ ነው። አባወራው በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ቤተሰቡ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከኪሱ አያወጣም። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል። እኛ ጋ ዘመቻው የሚወጣው ቡና ከተለቀመና ከተሸጠ በኋላ፣ ጥር ላይ ነው። ሰው እጁ ላይ ብር የሚኖረው ያኔ ነዋ።

በአንዱ ዘመቻ ቀበሌው በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥተን ተቀምጠናል። አንዲት እናት መጡ። ብሩን በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ፈቱት፣ ቆጠሩት፣ ሙሉ ነው። «አዴ፣ ጉርድ ፎቶስ?» አላቸው ባልደረባዬ። የለም። ካርዱ ላይ ደግሞ የቤተሰቡ ፎቶ ይለጠፋል። ፎቶ ቤት ያለው ወረዳው ከተማ ነው። ባልና ልጆች ይዞ በሞተር መሄድ፣ ማስነሳት፣ እስኪታጠብ መጠበቅ፣ መመለስ። ወጪው ከመዋጮው ብዙም አያንስም። ብሩን መልሰው ቋጠሩት። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። «እሺ» ብለው ሄዱ።

ማታ ሪፖርት ሲሞላ ያልተመዘገቡት አባወራዎች ፊት ለፊት «ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። ለብዙዎቹ የሚጻፈው «የግንዛቤ እጥረት» ነው። እኚያ እናት ምን ግንዛቤ ጎደላቸው? ብሩን ቋጥረው የመጡት አውቀው ነው። ግን ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ እሳቸውም ግንዛቤ እንዳጠራቸው ሰው ይቆጠራሉ። ከላይ የተቀመጠው ባለሙያ ደግሞ ያቺን ሠንጠረዥ ዓይቶ በቅን ልቦና ለግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና በጀት ይይዛል። አዳራሽ ይከራያል፣ አበል ይከፈላል፣ ውኃ ይታደላል። ፎቶው ግን አሁንም ወረዳው ከተማ ነው። እኛ በሚቀጥለው ዙር ፎቶ አንሺ ይዘን ወጣን። ያ ሁሉ ሥልጠና ካመጣው ሰው በላይ ፎቶ አንሺው አመጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የአክስቴ ልጅ የምታሰጋኝ እዚህ ላይ ነው። ነገ እሷ ናት ያቺን ሠንጠረዥ የምታነበው። ዳታውን አጽድታ፣ ሪግሬሽን (የትኛው ምክንያት ከውጤቱ ጋር እንደሚያያዝ የሚለካ ስሌት) ሠርታ፣ «ግንዛቤ» ትልቁ ምክንያት ሆኖ ቢወጣላት ምን ትጠረጥራለች? ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ለመጠርጠር መነሻ የለውም።

እንዲህ ስል ግን መሃል ላይ መውጣትን ማወደሴ አይደለም። እዚህ እኛ ጋ ክፍተቱ ማንም መርጦት የመጣ አይደለም። ተመርቀህ ስትወጣ ሥራ ፍለጋ አለ። ሥራው ከተገኘ በኋላ ለማስተርስ የመግቢያ ፈተናው አለ፣ ጋት የሚባለው። መሥሪያ ቤት ካልላከህ ክፍያው ከደሞዝህ ነው። ከላከህ ደግሞ ተመልሰህ የምታገለግልበት ውል ትፈርማለህ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍል። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ ከሁላችንም የበለጠ ጭንቅላት የነበራት ልጅ እስካሁን አልተመለሰችም። ወለደች፣ እናቷ ታመሙ፣ ጊዜው ነጎደ። የምርምር ሐሳቧን ዛሬም ስታወራው ዓይኗ ያበራል። እሷን ሳስብ አምስት ዓመት ሳይቋረጥ የሚሰጥ ፕሮግራም ቢኖረን ኖሮ እላለሁ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች የሚያስቀራቸው ስንፍና ሳይሆን ኑሮ ነው።

ስለዚህ ለልጅቷ «ግቢ» አልኳት። ግን በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት መሃል ያለውን የክረምት ዕረፍት በምንም እንዳትሸጠው ለመንኳት። ዋሽንግተን ቅርብሽ ነው፣ ትልልቅ ሕንፃዎች አሉ፣ እነሱን ተያቸው አልኳት። ሰው ተሰልፎ ፎርም የሚሞላበት ቦታ ፈልጊ። የምግብ ድጎማ የሚመዘገብበት ወይም የቤት ኪራይ እርዳታ የሚጠየቅበት መስኮት ጀርባ ተቀመጪ። ፎርም ሳይሞላ የሚመለሰውን ሰው ተከትለሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። የመጨረሻው ፕሮጀክትሽ ከዚያ ይውጣ። ዝም ብላ ሰማችኝና «እናቴ ዋይት ሐውስ እንድገባ ነው የምትፈልገው» አለች። አክስቴን እኔ አናግራታለሁ ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ወደዚሁ ወደ ጅማ ተመለሰ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ የሚታወቀው ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ነው። ሲቢቲፒን፣ ማለትም ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ የሚሰጠውን ሥልጠና፣ ያልቀመሰ የጅማ ተመራቂ የለም። መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት ዞረናል፣ ችግሮችን በደረጃ ደርድረናል፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ተመልሰን መፍትሔ ሞክረናል። ለእኔ ከገቨርናንስ ትምህርቴ ሁሉ ሥራ ላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ችግሩ ማጠሩ ነው። ሰዉ ሊላመደን ሲል አውቶቡሱ ይመጣል።

ባችለሩ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከሦስት ወደ አራት ዓመት ተመልሷል። አምስተኛ ዓመት ተጨምሮበት ማስተርስ ቢሆን፣ ከዚያም ግማሹ ወረዳ ላይ ቢሆን ብዬ አስባለሁ። ተማሪው በእንግድነት ሳይሆን ጠረጴዛ ተሰጥቶት ይቀመጥ። የቴሲስ ርዕሱን ከወረዳው ዕቅድ ላይ ይምረጥ። አድቫይዘሩ ቢያንስ አንዴ እዚያው ድረስ ይምጣለት። መውጫ ፈተናውን በአራተኛው ዓመት ይውሰድ፣ በደንብ ያለፈ ሌላ የመግቢያ ፈተና ሳይጠብቅ ይቀጥል። የማደሪያው ነገር እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ወረዳ ለዚህ በጀት የለውም። ቢሆንም አንድ ሰው ለስድስት ወር ማስጠለል የሚያቅት አይመስለኝም።

ይሄንኑ ለአንድ የቀድሞ መምህሬ አወራሁላቸው። «ሐሳቡን ሁለት ገጽ አድርገሽ ጻፊና አምጪው» አሉኝ። ጀምሬዋለሁ። የመዋጮው ዘመቻ ጥር ላይ ስለሚወጣ ከዚያ በፊት ላደርስላቸው እፈልጋለሁ። ቢያንስ አንድ ተማሪ ለሙከራ ቢሰጡኝ ያልተመዘገቡትን አባወራዎች ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት እንዲዞር ነው የማደርገው፣ ያቺን የምክንያት ዓምድ ራሱ ጠይቆ እንዲሞላት።