ከጃኬት ስር ለምታጠቀው ሽጉጥ የቆዳ አፎት እንዴት እንዳሠራሁ

ጎንደር ውስጥ ስለ መሣሪያ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። የትኛው ሽጉጥ አይከሽፍም፣ የትኛው ዒላማ አይስትም፣ የማን አባት ምን ታጥቆ ነበር፣ ሁሉም የሚለው አለው። አፎቱን ግን የሚያነሳ የለም። ሰው ለሽጉጡ ደህና ብር ያወጣል። ከዚያ ገበያ ያገኘውን ልፍስፍስ ማኅደር ገዝቶ ይከተዋል። ጭራሽ ያለ ምንም ነገር ቀበቶው ውስጥ ሻጥ የሚያደርግም አለ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ ሳይታሰብ የሚባርቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ቃታውን ሲነካው ነው። ቃታውን ከጣትም ከጨርቅም የሚጠብቀው ደግሞ አፎቱ ነው።

እኔ የምታጠቀው ማካሮቭ ነው፤ በፈቃድ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ፈቃድ ያላወጣ ሰው ስለ አፎት ከማሰቡ በፊት እሱን ይጨርስ። ነጋዴ ነኝ፤ ፒያሳ እውላለሁ፣ ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ። ሰው መሃል ሽጉጥ ጎልቶ ሲታይ እናቶች ይደነግጣሉ፣ ቀማኛም ዓይኑን ይጥልበታል። ከልብስ ስር መሆን አለበት።

ማካሮቭን የሶቪየት ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ርዝመቱ 16 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ጥይት ሳይጎርስ 730 ግራም ነው። ከልብስ ስር ለመያዝ አይከብድም። ለወታደር የተሠራለት አፎት ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ክዳን አለው፤ ጎኑ ላይ የመለዋወጫ ካዝና (የጥይት መያዣ) ኪስ ተሰፍቶበታል። ደንብ ልብስ ላይ ያምራል። ጃኬት ስር ሲገባ ግን ጉብ ብሎ ከሩቅ ይታወቃል። ስለዚህ ክዳን የሌለው፣ ቀጭን፣ ከወገብ ጋር የሚጣበቅ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ገበያውን ዞርኩ። ያየኋቸውን ሁሉ አፋቸው ላይ በአውራ ጣቴ እጫን ነበር። አብዛኛዎቹ እጥፍ ይላሉ። ይሄ ብቻውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። አፉ የሚታጠፍ አፎት ሽጉጡን ስትመልሱ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባና ቃታው ላይ ያርፋል። እጃችሁ ወደ ታች ሲገፋ ቆዳው ቃታውን ይስባል።

ቆዳውን መለየት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። የአገራችን የበግና የፍየል ቆዳ ዓለም የሚያውቀው ነው፤ ለጓንትና ለጃኬት የሚወዳደረው የለም። ለአፎት ግን ይሳሳል። የሚያስፈልገው ውፍረቱ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር የሆነ የበሬ ቆዳ ነው። አለፋፉም ይለያል። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ቅርጽ አይዝም። በዛፍ ቅርፊትና በተክል የለፋው ግን ይጠነክራል፤ ውሃ ነክቶት ከደረቀ በኋላ የሰጡትን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። የክሮሙ ብዙ ጊዜ መሃሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። የተክሉ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው። ቀለም ካልተቀባ ደግሞ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉበት፤ የተክሉ ውሃውን ጠጥቶ ይጠቁራል።

የምፈልገውን ስላላገኘሁ አንድ ጫማ ሠሪ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሽጉጡን ግን ይዤ አልሄድኩም። ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ሱቅ ውስጥ መሣሪያ ማገላበጥ አልወድም። ቤቴ ውስጥ ካዝናውን አውጥቼ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን አይቼ፣ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አነሳሁት። ውፍረቱንም ለካሁ። በዚያ ልክ አናጺ ከዋንዛ እንጨት ምስሉን ቀረጸልኝ። ሽማግሌው የሠሩት በእንጨቱ ነው።

«ጋሼ፣ አፉ እንዳይታጠፍብኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው አፉ ላይ ሌላ ቆዳ እደርብልሃለሁ» አሉኝ።

የደረቡት ቆዳ ስፋቱ ሁለት ጣት ያህል ነው። ሽጉጡ ወጥቶም አፉ ክፍት እንደሆነ ይቆያል። የሰፉት ሰም በተቀባ ክር፣ ቀዳዳውን በወስፌ እየበሱ፣ በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ እያሳለፉ ነው። እንዲህ የተሰፋ ነገር አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። ከዚያ ቆዳውን አርሰው እንጨቱን ከተቱበትና የቃታውን ዙሪያ በጣታቸው እየተጫኑ ቅርጹን አወጡት። ጥላ ሥር ደረቀ። እሳት አጠገብ ቢደርቅ ቆዳው ይሰነጠቅ ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳቸው። የማካሮቭ መቆለፊያ በግራ ጎኑ ከኋላ ነው። ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል፣ ወደ ታች ሲሆን ለተኩስ ይከፈታል። በቀኝ ወገብ ለሚታጠቅ ሰው ያ ጎን ሰውነቱን ነው የሚነካው። ስለዚህ የውስጠኛው ቆዳ ከፍ ብሎ እንዲሸፍነው አደረግን። ብረቱ ገላዬን አይፍቀኝም፣ ላቤም ብረቱን አያገኘውም። ቤት ወስጄ ባዶውን ሽጉጥ ደጋግሜ ሳስገባና ሳወጣ ዓይኔ ያ መቆለፊያ ላይ ነበር። ካለበት ንቅንቅ ካለ አፎቱ ይስተካከላል እንጂ አይታጠቁትም። ገልብጬም አራገፍኩት፤ አልወደቀም። በመጀመሪያ በጣም ስለጠበቀ ባዶውን ሽጉጥ በስስ ፌስታል ጠቅልዬ ውስጡ አሳደርኩት፤ በዚያው ለቀቅ አለ።

ቀበቶውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የልብስ ቀበቶ የሽጉጥ ክብደት አይችልም፤ ይጎብጣል፣ አፎቱም ወደ ውጭ ይንጋደዳል። ሁለት ቆዳ ተደርቦ የተሰፋ፣ 4 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ቀበቶ አብሬ አሠራሁ። የአፎቱ ማስገቢያም ልክ በሱ ስፋት ተቆረጠ። ማስገቢያው ሰፊ ከሆነ አፎቱ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል።

የምታጠቀው ከቀኝ ዳሌዬ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እጀታው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ አይወጋኝም። ቡና ተፈልቶ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ስቀመጥ ግን ጃኬቱ ወደ ላይ ይሳባል፤ ረዘም ያለ ጃኬት የምለብሰው ለዚህ ነው። ሌላው የኛ አገር ሰላምታ ነው። ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጭቶ አቅፎ ሲስም እጁ ወገብ ላይ ያርፋል። እኔ ግራ ትከሻዬን አስቀድሜ ቀኜን ወደ ኋላ መለስ ማድረግ ለምጃለሁ።

ስለ አያያዙ ብዙ ሰው ጠፍር እንደሚያሽ ሁሉ አፎትንም ቅቤ ወይም ዘይት ይቀባል። ለጠፍር ልክ ነው፤ እንዲለሰልስ ይፈለጋልና። አፎት ግን ከለሰለሰ አለቀለት። እኔ በደረቅ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ ሲደርቅብኝ ብቻ ከላይ ትንሽ ሰም አስነካዋለሁ። ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ሽጉጥ እዚያ ውስጥ ካደረ ይዝጋል። ማታ ማታ ሽጉጡ ይወጣል፣ ይራገፋል፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቆለፍበታል። አፎቱ ነፋስ በሚያገኝበት ይሰቀላል።

አሁንም አልፎ አልፎ አፉን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። መታጠፍ የጀመረ ቀን በመቀስ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ያረጀ አፎት ለወንድምም ለጎረቤትም አይሰጥም።