ጃፓንም ልጅ ሱቅ ይላካል

ደምበጫ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ግማሾቹ ደንበኞቼ ቁመታቸው ባንኮኒው ላይ አይደርስም። ብሩን በጡጫቸው ጨምድደው፣ የተላኩትን እንዳይረሱ መንገዱን ሙሉ እያነበነቡ ይመጣሉ፦ «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና»። መሃል ላይ ውሻ ከጮኸ ሳሙናው ይጠፋል። ያን ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» ብዬ የእናቱን የዱቤ ገጽ እገልጣለሁ፤ ባለፈው የወሰደችውን ሳይ አሁን ምን እንዳለቀባት አይጠፋኝም።

ባሕር ዳር የምትማረው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ የጃፓን ፕሮግራም በፍላሽ ሞልታ ታመጣለች። እሷ የናሩቶ (የጃፓን ካርቱን ነው) ሰው ናት፤ የመጀመሪያው 220 ክፍል፣ ቀጣዩ 500። ለእሷ ትቼላታለሁ። የእኔን ልብ የወሰደው «ሐጂሜቴ ኖ ኦትሱካይ» የሚባለው ነው፤ ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሲላኩ የሚያሳይ። ኒፖን ቴሌቪዥን ከ1991 ጀምሮ ያሳየዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ አምስት ቢሆን ነው። ኔትፍሊክስ በ2022 አሳጥሮ ለዓለም ለቀቀው። በዚያ የመጀመሪያው ክፍል ላይ የሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ አበባ፣ ከዓሣ የተሠራ ምግብና የማይፋጅ ካሪ ገዝቶ ይመለሳል። አስፋልት ሲሻገር ቢጫ ባንዲራ ያውለበልባል።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉድ አሉ። ግማሹ «ሲያምር!» አለ፤ ግማሹ «እዚህ ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ወሬ ብቻም አይደለም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የ10 እና የ6 ዓመት ልጆቻቸው ከመናፈሻ ወደ ቤት ብቻቸውን እንዲሄዱ የፈቀዱ ወላጆች በልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመርምረዋል።

እኛ ቤት ግን ያስገረመው ሌላ ነው። እናቴ ቁጭ ብላ አንዱን ክፍል ጨረሰችና፣ ልጁ ቤት ደርሶ የጃፓኗ እናት እያለቀሰች ስታቅፈው አይታ፣ «ኧረ ማን መረቀው?» አለች። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ተልኮ የመጣ ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ!» ሳይባል አይቀመጥም። ላኪዋ የእሱ እናት መሆንም የለባትም፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን ማንኛውንም ልጅ «ማሙሽ፣ ና እስኪ» ብላ ትጠራና፣ መሬት ላይ እንትፍ ብላ «ይቺ ሳትደርቅ ድረስ!» ትለዋለች። እኔም በዚያ ምራቅ ስንት ሮጫለሁ።

የገረመኝ ነገር የካሜራው ብዛት ነው። ካሜራ የያዙት ሰዎች መንገደኛና ሠራተኛ መስለው በየጥጉ ይቆማሉ። መንገዱ አስቀድሞ ተፈትሿል። ልጁ አንገቱ ላይ ያሠሯት ክታብ የምታህል ከረጢት ውስጥ ማይክ አለ። ባለሱቁ ሳይቀር ያውቃል፤ አውቆ እንዳላወቀ ይሆናል። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ልጁ መደርደሪያ ሥር ቆሞ ሲያፈጥ፣ ባለሱቁ ዕቃውን አንስቶ መስጠት እያማረው እጁን ይዞ ይጠብቃል። ይህ ትዕግሥት እኔ ጋ የለም፤ ወረፋ አለብኛ።

ደምበጫ ማይክ የደበቀ የለም እንጂ ጠባቂ አለ። ደጃፍ ላይ ጌሾ የምታሰጣ፣ ጫማ የሚጠግን፣ ባጃጁን ያቆመ፣ ሁሉም «የእነ እገሌ ልጅ አይደለህም? ወዴት ነው?» ይላል። ግን አለመኳሸት ነው፤ ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው የባሕር ዳር መንገድ ከባድ መኪና የሚከንፍበት ስለሆነ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ እናቶች ትንንሾቹን ወደ እኔ አይልኩም። ጃፓኖቹ በዚህ ይበልጡናል። የሠፈር መንገዳቸው ጠባብ ነው፣ መኪናውም ቀስ ይላል፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በቡድን ሆነው በእግራቸው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ስለዚህ ጃፓናዊ ተመልካች ከደኅንነቱ ይልቅ በለቅሶው ይያዛል። በአገሩ ሥርጭት ላይ ስቱዲዮ የተቀመጡት ታዋቂ ሰዎች ሲስቁና ዓይናቸውን ሲጠርጉ በስክሪኑ ጥግ ይታያሉ። ከብዙ ዓመት በኋላም ያኔ የተላከውን ሕፃን ትልቅ ሰው ሆኖ ያመጡታል። ይህን ወድጄላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ግን ይሄን «ጨዋታ ነው» ብላ ናቀችው። የእሷ ምርጫ «ኦሺን» የምትባለው የጃፓን ተከታታይ ድራማ ናት። በ1983 እና በ1984 በኤንኤችኬ፣ በጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ በየማለዳው 15 ደቂቃ የታየች፣ 297 ክፍል፣ ደራሲዋ ሱጋኮ ሃሺዳ። ከጃፓን ቤቶች በአማካይ 52.6 በመቶው ይከታተሏት ነበር፤ የላቀው ቀን 62.9 በመቶ ደርሷል። ከዚያ ከ60 በላይ አገሮች አዩአት። ኦሺንም የተላከች ልጅ ናት፤ ልዩነቱ የተላከችው ሱቅ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ፣ ለአንድ ጆንያ ሩዝ፣ ለዓመት ሰው ቤት ሞግዚት ልትሆን በበረዶ መሃል በወንዝ ትሄዳለች። የሰው ሕፃን አዝላ ስትሠራ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አስቆመችው። እሷ ራሷ ከገጠር ወጥታ ዘመድ ቤት ልጅ አዝላ ነው የተማረችው። እኔ በሳቅ የማየውን መላላክ እሷ ከሌላው ጫፍ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ አልተከራከርኳትም። ጃፓን ሀብታም ሆና ሳለ ይህን ድህነት በየማለዳው ከቁርስ ጋር ማየቷን ግን ሁለታችንም አድንቀናል።

አሁን ኦሺን አድጋለች። ዓሣ ተሸክማ በየቤቱ እየዞረች ስትሸጥ ቆይታ ሱቅ ከፍታለች፤ ወደፊት ደግሞ ሰው ዕቃውን ራሱ እያነሳ ካሸር ጋ የሚከፍልበት ሱፐርማርኬት ይመጣል። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ደብተሬን ትመረምር ጀምራለች። ዱቤ ይቅር ትላለች። እኔ ደግሞ ዱቤው ከቀረ «ሁለት ሳሙና» የረሳውን ልጅ በምን ልታስታውሰው ነው እላታለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም።