ብስክሌት ለበጋ ነው፦ አራት ቀን በማድሪድ

ማድሪድ የገባሁት በጥቅምት ወር፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። የታክሲው ሹፌር ከአየር ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ የተወሰነ ታሪፍ መኖሩን ሳይነግረኝ 50 ዩሮ ተቀበለኝ፤ ያረፍሁበት ክፍል መስኮትም መጠጥ ቤቶች ወደሞሉበት ጠባብ መንገድ ስለሚከፈት፣ እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንሁም። ለእንግዳ አልጋ ሲለቀቅ እያየሁ ስላደግሁ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይወጣልኝም፤ ስለዚያ ሹፌር ሁለት ቀን ሙሉ ሳስብ ቆየሁ።

የመጣሁት የፈርናንዶ ፈርናን ጎሜዝን ዱካ ለመከተል ነው። ተዋናይ፣ የፊልም ዳይሬክተርና ጸሐፌ ተውኔት የነበረው ይህ ሰው፣ ተዋናይት እናቱ ከቴአትር ጓድ ጋር ደቡብ አሜሪካን ስትዞር በ1921 (ዓመቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሊማ ላይ ተወለደ፤ ማድሪድ ውስጥ ያሳደገችው አያቱ ናት። የስፔን ዜግነት ያገኘው ግን በ1984፣ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

በስሙ የተሰየመው ቴአትር ቤት ከኮሎን አደባባይ ሥር፣ ከመሬት በታች ይገኛል። በ1977 የከተማው የባህል ማዕከል ሆኖ የተከፈተ ሲሆን፣ እሱ በኅዳር 2007 ሲያርፍ ስሙ ተሰጠው። ልጅነቴን ያሳለፍሁት የድንጋይ አንበሳው ከፊቱ በቆመው በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ስለሆነ፣ ወደ ቴአትር ቤት በደረጃ ወርዶ መግባት ልቤን ከበድ አለው።

ሳንታ አና አደባባይ ላይ ያለው ቴአትሮ ኤስፓኞል ፊት ለፊት ግን ረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ። በ1977 የሎፔ ዴ ቬጋን የተውኔት ሽልማት ያገኘለት «ብስክሌት ለበጋ ነው» የተሰኘው ተውኔቱ ለመድረክ የበቃው እዚህ፣ በ1982 ነው። በፈተና የወደቀው ልጅ ሉዊሲቶ በ1936 በጋ ብስክሌት እንዲገዛለት አባቱን ይለምናል፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ይፈነዳና ብስክሌቱ ይቀራል። እነሱ በጋ የሚሉት የሐምሌው ሐሩር መሆኑን ሳስብ፣ የእኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት የክረምቱ ዝናብ ታወሰኝ። በተውኔቱ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስለቅሰኝ የምስሩ ትዕይንት ነው፤ ከተማይቱ ተከባ ረኃብ ሲጠና፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ከድስቱ አንዳንድ ማንኪያ ደብቆ ሲቀምስ መክረሙን እርስ በርሱ ይናዘዛል። ጦርነትን ከዚህ በላይ የሚገልጽ የጦር ሜዳ ትዕይንት አላየሁም። ፈርናን ጎሜዝ ሲሞት የአስከሬን ሣጥኑ በዚሁ ቴአትር ቤት፣ ቀይና ጥቁር የአናርኪስቶች ባንዲራ ለብሶ ለስንብት ተቀምጧል።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ ስለነበር ከክፍሌ አልወጣሁም።

በአራተኛው ቀን በአውቶቡስ ወደ ሎኤቼስ ሄድሁ። «እንግዳው ጉዞ» የተሰኘው ፊልሙ የተቀረጸው ከማድሪድ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ ነው። በ1964 ቢጠናቀቅም ለሕዝብ የታየው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ያውም ከሌላ ፊልም ጋር ተደርቦ ነው። «ዓለም ይቀጥላል» ያለው ሌላው ሥራው የባሰ ነገር ደርሶበታል፤ የአምባገነኑ የፍራንኮ መንግሥት ሳንሱር አላላውስ ብሎት በ1965 ቢልባኦ ላይ በአንድ ሲኒማ ቤት ብቻ ታይቶ ከቆመ በኋላ፣ በመላ ስፔን የመታየት ዕድል ያገኘው በ2015፣ ዳይሬክተሩ ካረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። የስፔን ዋና የፊልም ሽልማት የሆነው ጎያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1987 ሲሰጥ፣ ስለ ዘዋሪ ተዋንያን የሠራው «ወደ የትም የማያደርስ ጉዞ» በምርጥ ፊልምነት፣ በዳይሬክቲንግና በስክሪፕት አሸንፎለታል፤ የተቀበሩት ዓመታት ግን በሽልማት አይመለሱም።

አደባባዩ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ለምን እንደመጣሁ ሲሰሙ ቡና ጋበዙኝ። ቀረጻው ሲካሄድ ልጅ ስለነበሩ ከሕዝቡ ጋር ቆመው አይተዋል። «ፊልሙ ሲወጣ ልጄ፣ ድምፄ ጎርንኖ ነበር» አሉኝ በዝግታ፣ በተሰባበረው ስፓኒሽኛዬ እንድከተላቸው እየተጠነቀቁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኙኝና፣ ስልኬ ላይ ያለውን ፊልም እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሕዝብ የተሰበሰበበትን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ራሳቸውን ግን አላገኙም። «እዚህ ጋ፣ ከዓምዱ ጀርባ ነበርሁ» ብለው በጣታቸው ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ አሳዩኝ፤ አውቶቡሱም ደረሰ።