በፖናሌ ኮረኮንች ወደ ሌድሮ

ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ጋርዳ ሐይቅ ዳር ካለችው ከሪቫ ዴል ጋርዳ ከተማ ተነስቼ በሳይክል ወደ ሌድሮ ሐይቅ ወጣሁ። እግሬ ዝሏል፣ ደስታው ግን አልለቀቀኝም!

የወጣሁበት የፖናሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1851 ገደሉን ፈልፍለው የሠሩት ነው። ድሮ መኪና ይሄድበት ነበር፣ አሁን ለእግረኛና ለሳይክል ብቻ ሆኗል፣ እሰይ ነው የሚያሰኘው፤ ዋሻ ውስጥ ትገቡና ዓይናችሁ ጨለማውን ሳይለምደው ስትወጡ ጋርዳ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ከሥራችሁ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ኮረኮንቹ ብዙም አያስቸግርም። መታጠፊያዎቹ ላይ ግን ጠጠሩ ልል ስለሆነ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። ከኮርቻው ሳይነሱ በቀላል ማርሽ ቀስ ብሎ መውጣት ነው የሚያዋጣው። የጎማ ነፋስም ቀነስ ቢል ይሻላል።

ጋርዳ ከባሕር ጠለል በላይ 65 ሜትር ላይ ነው፣ ሌድሮ 655 አካባቢ። ልዩነቱን ጉልበት በደንብ ያውቀዋል! ሌድሮ ዳር የነሐስ ዘመን ሰዎች በእንጨት ምሰሶ ላይ የሠሩት መንደር ቅሪት አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ለኃይል ማመንጫ ሲባል ውሃው ሲቀንስ ነው ብቅ ያለው። እባካችሁ ሳታዩት አትመለሱ።

የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ኦራ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነሳል። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ያዝ እያደረጋችሁ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ ስጡ።