«ፈረ» ብሎ የሚጽፈው ተማሪዬ

ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። የቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ «ፈረስ» ስል «ፈረ»፣ «ራስ» ስል «ራ» ይጽፋል። ስሙን ስጠራው ግን ወዲያው ቀና ይላል። ስለዚህ ጆሮውን አልጠረጠርኩም፤ ካርዱ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩበት። ያ ቃል ዛሬም ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በርትቶ ማራገቢያው ከልጁ አናት በላይ እያጉረመረመ፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ቃላት እጠራ ነበር። ዞር ስል እርሳሱን አስቀምጦ አፌን ይጠብቃል። ለካ ግማሹን የሚሰማው በዓይኑ ኖሯል!

እናቱን አስጠራሁ። «መምህርት፣ ዓመት ሳይሞላው ማጅራት ገትር ታሞ በስንት መከራ ነው የተረፈልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደኅና ነው» አሉኝ። ማጅራት ገትር ምን ያህል ጆሮ እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

የመረመረው ባለሙያ ነገሩን ገለጠልን። ልጁ ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ያመልጠዋል። አናባቢዎች ጉልበታቸው ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው፤ የ«ስ» ፉጨት ግን ቀጭኑ ድምፅ ላይ፣ ከ4000 ሄርዝ (በሰከንድ 4000 ንዝረት) በላይ ይወጣል። ስሙ ሲጠራ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ግን ተሸርፎ ይደርሰዋል። አዋቂ ሰው የተሸረፈውን ቃል ከሚያውቀው ቋንቋ ይሞላዋል። ቋንቋውን ገና የሚማር ሕፃን በምን ይሙላው? አእምሮ ድምፅን ከድምፅ መለየት የሚለምደው ደጋግሞ በመስማት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት። የኔ ተማሪ ደግሞ ሰባት ሞልቶታል።

የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት። እንደ መነጽር ወዲያው የሚያስተካክል መስሎኝ ነበር። መሣሪያው ግን ድምፁን ጆሮ ድረስ ያመጣል እንጂ ምንነቱን ለአእምሮ አያስተምርም። በመጀመሪያው ቀን የግቢው መጥረጊያ ኮሽታ አስደንግጦት ወደ መስኮቱ ዞረ። ከማራገቢያው አርቄ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ወደ ሰሌዳ ዞሬ መናገርም ተውኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የቃል ጽሕፈት «ፈረስ» አልኩ። ደብተሩን ሳየው «ፈረሽ» ይላል። ቀዩን እስክሪብቶ ኪሴ ከተትኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ እንዳለ ሰምቷል! ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ከንፈሬን አንዴ ገለጥ፣ አንዴ ሞጥሞጥ እያደረግኩ «ስ… ሽ… ስ…» አልኩት። አፌን ትክ ብሎ እያየ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይሞክር ጀመር።